ከእሳት መሰላል እስከ ቡና ጫኝ መኪና

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ ፋብሪካ ታሪክ ነው። ፋብሪካው የተቋቋመው ለእሳት ማጥፊያ የሚሆን መሣሪያ ለመሥራት ነው፤ ቆይቶ የጭነት መኪና ሠሪ ሆነ፤ በመጨረሻም ወደ ጥንተ ሙያው ተመለሰ። ታሪኩ የተፈጸመው በጀርመን አገር፥ በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኡልም ከተማ ነው። ነገር ግን ለጅማ፥ ለአጋሮ፥ ለሊሙ ገነት፥ ለበደሌና ለቦንጋ ሰው የሚነግረው ቁም ነገር ስላለው፥ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። የምጠራቸው ዘመኖች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቡና በሚለቀምበትና በሚደርቅበት ወራት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ጆንያ እስከ አፉ የጫነ መኪና በሰርቦ፥ በአሰንዳቦና በሰኮሩ በኩል አልፎ፥ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ፥ እንደገና ወደ ወልቂጤ እያቃሰተ ሲወጣ ያያል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀድሞው ጊዜ ይህን ሥራ በብዛት የሠራው ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት የፊያት ካሚዮን ነበረ። ኋላም ኢቬኮ የሚል ስም በግንባራቸው የተጻፈባቸው መኪኖች መጡ፤ ከነዚህም አዲስ አበባ ላይ በ1970 በተቋቋመው፥ ሕዝቡ «አምቼ» በሚለው ፋብሪካ የተገጣጠሙ ነበሩባቸው። ኢቬኮ የሚባለው ድርጅት ከብዙ አባቶች የተወለደ ቤት ነው። ከአባቶቹም አንዱ ከመቶ ዓመት በፊት የእሳት አደጋ መሰላል ይሠራ የነበረ ሰው ነው።

ይህ ሰው ኮንራድ ዲትሪክ ማጊሩስ ይባላል። በ1824 በኡልም ተወለደ፤ ሙያውም ንግድ ነበረ። መሐንዲስ አልነበረም፤ አንጥረኛም አልነበረም። በዚያን ዘመን በኤውሮፓ ከተሞች እሳት በተነሣ ጊዜ ደወል ይደወላል፤ ሕዝቡ ባልዲ ይዞ ይሮጣል፤ ሁሉም ያዛል፥ የሚታዘዝ ግን የለም። አንዱ ውሃ ሲያቀብል ሌላው ይደፋዋል፤ አንዱ ዕቃ ሲያወጣ ሌላው መንገድ ይዘጋበታል። በ1847 በካርልስሩኸ ከተማ ቴአትር ቤት ተቃጥሎ ከ60 ሰው በላይ አለቀ። በዚያው ዓመት ማጊሩስ በኡልም ከተማ አብረውት ስፖርት የሚሠሩትን ጎልማሶች ሰብስቦ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል የእሳት አደጋ ጓድ አቋቋመ። ሰዎቹ ሰውነታቸው የተፍታታ፥ መውጣትና መውረድ የለመዱ፥ ከሁሉም በላይ በአንድ አለቃ ትእዛዝ መንቀሳቀስን የሚያውቁ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን በቅደም ተከተል ልብ በሉ። በ1850 ስለ እሳት ማጥፋት ሥራ መጽሐፍ አሳተመ። በ1853 በአካባቢው ያሉት የእሳት አደጋ ጓዶች ፕሎኺንገን በምትባል ከተማ እንዲሰበሰቡ አደረገ፤ የዛሬው የጀርመን የእሳት አደጋ ተከላካዮች ማኅበር ልደቱን የሚቈጥረው ከዚያ ስብሰባ ነው። ፋብሪካውን የከፈተው ግን በ1864 ነው። ጓዱን ካቋቋመበት ጊዜ እስከ ፋብሪካው ድረስ 17 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በኛ አገር ያ ዘመን ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት፥ በጅማም የአባ ጅፋር አባት አባ ጎሞል የሚገዙበት ዘመን ነበረ።

ፋብሪካው የሠራቸው መሣሪያዎች አለቃው በእሳት ፊት ቆሞ ካየው ችግር የተወለዱ ነበሩ። የዱሮው መሰላል በግድግዳ ላይ የሚደገፍ ነው፤ ግድግዳው ራሱ ሲቃጠል ግን መደገፊያ የለም። ስለዚህ በ1872 በሁለት መንኰራኵር እየተገፋ የሚሄድ፥ ያለ ድጋፍ ብቻውን የሚቆም፥ 14 ሜትር የሚረዝም መሰላል ወጣ። ይህም «የኡልም መሰላል» ተባለና በዓለም ታወቀ። መሰላሉ ብቻውን ቢቆምም፥ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ለማዞር ሠረገላውን በሙሉ ማንቀሳቀስ ያስፈልግ ነበረ። ስለዚህ በ1892፥ ማጊሩስ ሥራውን ለሦስት ልጆቹ ካስረከበ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ላይ ተተክሎ በራሱ መቀመጫ ላይ የሚዞር መሰላል ተሠራ። ማጊሩስ በ1895 ሞተ። እርሱ ሲሞት ፋብሪካው ገና ሞተር የሚባል ነገር አልነካም ነበረ፤ ነገር ግን ከባድ ሸክም የሚችል ሻንሲ፥ አክስልና ሞላ መሥራትን ጠንቅቆ ያውቅ ነበረ።

ሞተር እንዴት ገባ? ይህን ለመረዳት የፈረስንና የእንፋሎትን ችግር ማወቅ ይገባል። በእንፋሎት የሚሠራ ፖምፓ ኀይለኛ ነው፤ ሆኖም ከሰሉ እስኪቀጣጠልና ውሃው እስኪፈላ ድረስ ይዘገያል። ፈረሶቹም እስኪለጐሙ፥ እስኪጠመዱና ዳገት እስኪወጡ ድረስ ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሥራ ባይኖርም ዓመት እስከ ዓመት ይቀለባሉ። ለእሳት ደግሞ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ከሁሉ ትበልጣለች፤ በጅምሩ በአንድ ባልዲ የሚጠፋው እሳት ቆይቶ በአንድ በርሜልም አይጠፋም። በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የኡልም ፋብሪካ ያለ ፈረስ በራሱ የሚሄድ የእንፋሎት ፖምፓ ሠራ። በለንደንም ሜሪዌዘር የተባለው የታወቀ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ ሠሪ በ1904 ለፊንችሊ ከተማ በቤንዚን ሞተር የሚነዳ የእሳት አደጋ መኪና አስረከበ።

የቤንዚን ሞተር ለእሳት አደጋ ሥራ የሚስማማው ፈጣን ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። መኪናው እሳቱ ዘንድ ደርሶ ሲቆም ያው ሞተር ፖምፓውን ያንቀሳቅሳል፤ መሰላሉንም ያነሣል። አንዱ ሞተር ሁለት ጊዜ ያገለግላል፤ መጀመሪያ ሰዎቹን ያደርሳል፥ ቀጥሎ ውሃውን ይገፋል። ስለዚህ እሳት አጥፊው መሣሪያና መኪናው ሊነጣጠሉ የማይችሉ ሆኑ። መሰላል ሠሪውም ወይ ሻንሲ ከሌላ እየገዛ መኖር፥ ወይም ራሱ መኪና መሥራት ነበረበት።

የኡልም ሰዎች ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። ጊዜውም ገፋፋቸው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ሠራዊቱ ስንቅና ጥይት የሚያመላልስ ካሚዮን ይፈልግ ስለ ነበረ፥ ፋብሪካው በ1916ና በ1917 የራሱን የጭነት መኪና መሥራት ጀመረ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1919 ደግሞ አውቶቡስ ጨመረ። ከእሳት ሰው ማዳኛ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ቤት እንዲህ ባለ መንገድ ጭነትና መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና ሠሪ ሆነ።

ነገር ግን መኪና መሥራት ከመሰላል ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በ1929 የጀመረው የዓለም የንግድ ድቀት ብዙ ፋብሪካዎችን ሲያናጋ የኡልሙም ፋብሪካ ችግር ላይ ወደቀ። በ1936 በኰሎኝ ከተማ ከሚገኘው ከዶይትስ ሞተር ፋብሪካ ጋር ተዋሐደ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ግጥምጥሞሽ አለ። ዶይትስ የተባለው ድርጅት ኒኮላውስ ኦቶ ከባልደረባው ጋር ያቋቋመው፥ በዓለም የመጀመሪያው የሞተር ፋብሪካ ነው፤ የዛሬው መኪና ሁሉ የሚመካበት ባለ አራት ምት ሞተርም በዚያው ቤት በ1876 ተፈጽሞ ሠርቷል። የተቋቋመውም ልክ እንደ ማጊሩስ ፋብሪካ በ1864 ነው። በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ቤቶች፥ አንዱ ሞተር ይዞ፥ ሁለተኛው ሻንሲና መሰላል ይዞ፥ ከ72 ዓመት በኋላ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ።

ማጊሩስ ዶይትስ የተባለው መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስመ ጥር ሆነ። ምልክቱ «ኤም» የተባለችው የላቲን ፊደል ስትሆን፥ መካከለኛዋ መስመር ወደ ላይ ረዝማ፥ በ1890 የተፈጸመውንና 161 ሜትር የሚረዝመውን የኡልም ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ትመስል ነበር። የመኪናው ልዩ ጠባይ ሞተሩ በውሃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዝ መሆኑ ነው። ከጊቤ ሸለቆ ዳገት ሲወጣ ራዲያተሩ የፈላበትና ጀሪካን ይዞ ውሃ የፈለገ ሾፌር ሁሉ የዚህን ጥቅም ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። በብርድ አገርም ቢሆን የሚረጋ ውሃ የለበትም። ስለዚህ ሶቭየት ኅብረት በ1970ዎቹ በሳይቤሪያ በረዶ ላይ ትልቅ የባቡር ሐዲድ ስትዘረጋ ከዚህ ዓይነት መኪና 9,500 ያህል ገዛች።

በ1975 ፊያት 80 በመቶ፥ የዶይትስ ድርጅት 20 በመቶ ድርሻ ይዘው ኢቬኮን አቋቋሙ፤ የጣልያን፥ የፈረንሳይና የጀርመን የጭነት መኪና ሠሪዎችም በአንድ ስም ሥር ተጠቃለሉ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ በ1980ዎቹ፥ ማጊሩስ የሚለው ስም ከጭነት መኪና ላይ ተነሣ። ከእሳት አደጋ መሰላል ላይ ግን አልተነሣም። በ2025 መባቻ ላይም የኡልሙ የእሳት አደጋ መሣሪያ ፋብሪካ ከኢቬኮ ተለይቶ ለሌላ ባለ ሀብት ተላለፈ። እንግዲህ ሒሳቡን ብንመረምረው፥ ስሙን በጭነት መኪና ላይ ያኖረው ሥራ ሰባ ዓመት ገደማ ዘለቀ፤ መሰላሉ ግን ከ150 ዓመት በላይ ቆሞ አለ። እንግድነት የመጣው ሙያ ሄደ፤ ባለ ቤቱ ሙያ ቀረ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ አሁን ወደ አገራችን፥ ወደ ቡናው ምድር ልመልሳችሁ።

በኡልም ነገሩ የሄደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ሰው ተሰበሰበ፤ ቀጥሎ ደንብ ተጻፈ፤ ከዚያ ጓዶች ተማከሩ፤ ከዚያ መሣሪያ ተሠራ፤ ከሁሉም በኋላ ሞተር መጣ። በኛ የቡና ከተሞች ግን ሞተሩ ቀድሞ ደረሰ። ካሚዮኑ ጅማን፥ አጋሮንና በደሌን አሳምሮ ያውቃል። ሾፌሩ አለ፤ ረዳቱ አለ፤ መካኒኩ፥ ጎማ ጠጋኙ፥ ናፍጣ ሻጩ አለ። እንግዲህ የእሳት አደጋ መኪና ማለት ውሃ የሚይዝ ታንከርና ፖምፓ የተጫነበት ካሚዮን ማለት ከሆነ፥ ካሚዮን ያለው ከተማ የነገሩን እኩሌታ ይዟል ማለት ነው። የቀረው እኩሌታ ማጊሩስ በ1847 የጀመረበት ነው፤ እርሱም የሰው ሥርዓት ነው። ይህኛው እኩሌታ ከውጭ አገር በመርከብ አይመጣም፤ በውጭ ምንዛሪም አይገዛም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የቡና አገር ለእሳት የተጋለጠበት ልዩ ምክንያት ስላለው ነው። በሌላ አገር ሀብትና ድርቀት በተለያየ ወራት ይመጡ ይሆናል። በቡና አገር ግን አንድ ላይ ይመጣሉ። ቡናው የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጀንፈሉ በአልጋና በአውድማ የሚሰጣው፥ መጋዘኑም የሚሞላው ሣሩ በሚደርቅበት፥ ወንዙ በሚጎድልበት፥ ነፋሱም በሚነሣበት በበጋው ወራት ነው። በመፈልፈያው ደጃፍ የተከመረው ገለባ እንደ ጭድ ይነዳል። ጆንያውም ይነዳል። በገበያው ዙሪያ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የቆሙት ሱቆች ከላይ ቆርቆሮ ቢለብሱም ከውስጥ እንጨትና ጭቃ ናቸው፤ በየውስጣቸውም የላምባ ጠርሙስ፥ የከሰል ምድጃና የተልፈሰፈሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይኖራል። አንዲት ፍንጣሪ የአንድ ሰው ሱቅ ብቻ አታቃጥልም፤ የገበሬውን የዓመት ድካም፥ የነጋዴውን የባንክ ዕዳ፥ የቀን ሠራተኛውንም የነገ እንጀራ አብራ ትበላለች።

ከዚህ በላይ ርቀቱ አለ። ከአዲስ አበባ የተነሣ የእሳት አደጋ መኪና ጅማ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ፥ አመዱ ከበረደ ወዲያ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ እንኳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው በሰዓት ስሳ ኪሎ ሜትር ቢበር ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። በሦስት ሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ ረድፍ ሱቅ ያልቃል። እንግዲህ በየትኛውም የቡና ከተማ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የዚያው ከተማ ሰዎች ነው፤ ሌላ ባለቤት የለውም።

ስለዚህ በማዘጋጃ ቤት፥ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፥ በባንክና በግብርና መሥሪያ ቤት ለምትሠሩ ወገኖቼ የሚከተለውን አቀርባለሁ። ሁሉም በእጃችሁ ያለ ሥራ ነው።

አንደኛ፥ የሰዎቹ ዝርዝር ይጻፍ። በእያንዳንዱ ሰፈር ሃያ ጎልማሳ ቢመረጥ፥ ከነዚያም አንዱ አለቃ ቢሆን፥ ማን መሰላል እንደሚይዝ፥ ማን ቱቦ እንደሚጎትት፥ ማን ዕቃ እንደሚጠብቅ፥ ማን ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን እንደሚያወጣ አስቀድሞ ቢታወቅ፥ ግማሹ ጥፋት ይቀራል። የእግር ኳስ ቡድን ያለው ከተማ ይህን ሊያቅተው አይችልም፤ ማጊሩስም የጀመረው በስፖርተኞች ነው።

ሁለተኛ፥ ውሃው ይታወቅ። ለምሳሌ በጅማ መካከል የአዌቱ ወንዝ ይፈሳል። በበጋ ጥልቅ ሆኖ የሚቀረው በየት በየት በኩል ነው? መኪና እስከ ዳር የሚደርስበት መውረጃስ አለውን? ይህ በእሳቱ ቀን የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም፤ በካርታ ላይ ተሥሎ በማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ መሰቀል ያለበት ነው።

ሦስተኛ፥ መንገዱ ይከፈት። በመጋዘንና በመጋዘን መካከል መኪና የሚያልፍበት ስፋት ካልተተወ፥ ገለባው በየሳምንቱ ከደጃፍ ካልተነሣ፥ የዓለም ምርጥ መኪና ቢመጣም ከሩቅ ቆሞ ከማየት በቀር የሚሠራው የለውም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን በዚህ ረገድ ከእሳት አጥፊው ይበልጣል፤ አንዱ የተነሣውን እሳት ያጠፋል፥ ሌላው ገና ያልተነሣውን ይከለክላል።

አራተኛ፥ ካሚዮኑ ይጠራ። ከባለ መኪኖች ጋር አስቀድሞ ውል ተደርጎ፥ በመኸሩ ወራት አንድ ታንከርና አንድ የሞተር ፖምፓ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ፥ ቡና የሚያመላልሰው መኪና በጭንቅ ቀን ውሃ አመላላሽ ይሆናል። ሁለቱም አንድ ሻንሲ፥ አንድ ሞተር፥ አንድ ሾፌር ነው የሚያስፈልጋቸው። በኡልም የእሳት አደጋው ቤት ካሚዮኑን ወለደ፤ በጅማም ካሚዮኑ የእሳት አደጋውን ቤት ቢወልድ ብድር መመለስ ይሆናል እንጂ ምንም እንግዳ ነገር የለበትም።

ምናልባት «መንግሥት ዘመናዊ መኪና ሲሰጠን ያን ጊዜ እንጀምራለን» የሚል ይኖር ይሆናል። አዲስ መኪና መመኘት መልካም ነው፤ መጠየቅም ይገባል። ነገር ግን ሥርዓት ወዳልተዘጋጀበት ቦታ የመጣ መኪና ምን እንደሚሆን አስቡ። ቁልፉ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ዘንድ ይቀመጣል፤ ሹሙ ለስብሰባ ይሄዳል፤ ባትሪው ይሞታል፤ ታንከሩም ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሰው ባለበት መሣሪያ ይፈጠራል፤ መሣሪያ ብቻውን ግን ሰው አይፈጥርም። የኡልም ጓድ 17 ዓመት ሙሉ የራሱ ፋብሪካ ሳይኖረው፥ በእጅ በሚገፋ ፖምፓና በተራ መሰላል እሳት ሲያጠፋ ነበረ። ኋላ የመጣው መሣሪያ ሁሉ ዋጋ ያገኘው የሚቀበለው እጅ ቀድሞ ስለ ተዘጋጀ ነው።

አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የእሳት ነገር ሁሉ በዚህ አባባል ውስጥ ተጠቃሏል። መታጠቅ የሚገባው ክረምቱ ሲያበቃ፥ የመጀመሪያው ቀይ ቡና ከመለቀሙ በፊት፥ ልብ በሰላም ሳለ ነው። ዛሬ ማታ ይህን የሰማችሁ፥ ነገም በጋዜጣ የምታነቡት የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፥ በጠረጴዛችሁ ላይ አንድ ንጹሕ ወረቀት አስቀምጡ፤ በላዩም የሰፈራችሁን ሃያ ሰዎች ስም ጻፉ። በ1847 በኡልም የተጀመረው በዚህ ነበር፤ ሌላው ሁሉ፥ መሰላሉም፥ ሞተሩም፥ ካሚዮኑም፥ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።